ሄደ አሉኝ

የልጅ ልጄ ለትምህርት ጀርመን ሄደ ተብሎ ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለዎት» እያለ ቡናዬን ሲጠጣ ከረመ። የታባቱ ሄዶ! ጧት ዓይኔን ስገልጥ በስልክ ብቅ፣ ማታ ራት ስቀርብ ብቅ። «አባባ፣ ዛሬ ምን በሉ?» ይለኛል። የገዛ ባለቤቴ እንኳ እንዲህ ተከታትላኝ አታውቅም።

እኛ በደርግ ዘመን ሶቭየት ኅብረት ስንላክ፣ የሄደ ሰው የምር ይሄድ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ሩሲያኛ በመማር ብቻ ያልቃል። አገር ከናፈቀህ ደብዳቤ ትጽፋለህ፤ መልሱ ሲመጣ የጠየቅኸውን ረስተኸዋል። እናቴ የእኔ ደብዳቤ እስኪደርሳት ለቁልቢም ለግሸንም ተስላ፣ የምትሳልለት ታቦት አልቆባት ነበር። ግን መንግሥት ላከን፣ መንግሥት አበላን።

የዛሬው በገንዘብ ይጀምራል። ጀርመኖች ቪዛ ከመስጠታቸው በፊት የአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ ዝግ ሂሳብ ውስጥ አስገቡ ይላሉ። ፍራንክፈርት ያለው አጎቱ ባያበድረን ቤቴን ሸጬም አልሞላውም ነበር። ልጁ እዚያ ከደረሰ በኋላ ደግሞ የገዛ ገንዘባችንን በየወሩ 992 ዩሮ እየሰፈሩ እንደ ገብጋባ ባል ይሰጡታል። (ይህችን ብልሃት ልጆቼን ሳሳድግ ባውቃት ኖሮ!)

ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ ቋንጣ ስትዘለዝል፣ ቅቤ ስታነጥር ሰነበተች። ሥጋና የወተት ውጤት ከውጭ ይዞ አውሮፓ ኅብረት መግባት ክልክል መሆኑን ማን ይንገራት? የፍራንክፈርቱ ጉምሩክ ሠራተኛ ጓንቱን አጥልቆ ጣሳውን ከፈተ፤ ኮሰረቱና ኮረሪማው አፍንጫው ላይ ወጣበት፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ከዚያ ከነጣሳው ጣለው። ሽሮና በርበሬው በሰላም አለፉ። ባለቤቴ እስካሁን «በልተውት ነው እንጂ አልጣሉትም» ትላለች።

የደረሰው እሑድ ነበር። እሑድ እዚያ ሱቅ በአብዛኛው ዝግ ነው፤ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ካልሆነ ክፍት ሱፐርማርኬት ብዙም አይገኝም። እኛ ሰፈር በፋሲካ ዕለት እንኳ የሱቁን መስኮት ብታንኳኳ እንቁላል ትገዛለህ፤ ኋላቀር የምንባለው ግን እኛ ነን። በታኅሣሥ ፀሐይዋ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ለፀሐይም ሰዓት እላፊ አውጀውባታል መሰለኝ። ትምህርቱስ? 4 ሰዓት ከተባለ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው 4 ከሩብ ነው፤ የዩኒቨርሲቲዎቻቸው የቆየ ልማድ ነው አለኝ። የሐበሻ ቀጠሮ እየተባልን ስንሰደብ የኖርነው ለዚህ ነው?

ከሁሉ የቆጨኝ ግን ጠርሙሱ ነው። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ለሱፐርማርኬቱ ማሽን ሲያጎርሱት 25 ሳንቲም ይመልሳል። ልጁ ተማሪዎች ከደገሱበት እየዞረ ይለቅማል፤ በኩራት ደግሞ ደረሰኙን በስልክ ያሳየኛል። ለማስተርስ ልከን ቆራሌው ሆነልን! ይህን ለዕድር አባላት እንዴት አድርጌ ልንገር?

አሁን ደግሞ በርበሬው አለቀበት። ወደ ፍራንክፈርት የምትሄዱ፣ ሻንጣችሁ ውስጥ ትንሽ ቦታ ካለ፣ ሁለት ኪሎ ተፈጭቶ ታሽጎ ተቀምጧልና ቤቴ ጎራ በሉ። እኔ ቋንጣ አልደብቅባችሁም፤ ለባለቤቴ ግን ዋስ አልሆንም።