ዘራፍ፣ ደረጃ 9 እርከን 4!

ባለፈው ጥር ወገል ጤና ሰርግ ተጠርቼ ሄድሁ። የደላንታ ብርድ ዳስ አይፈራም፤ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ነው የሚበላው። ከተቀመጥሁበት አግዳሚ ላይ በግራዬ አገሩ ሁሉ «ሃምሳ አለቃ» የሚላቸው ሽማግሌ፣ በቀኜ ደግሞ የእህቱን ሰርግ ሊበላ ከአሜሪካ የመጣ የዚያው ሰፈር ልጅ አሉ። ልጁ እዚያ ወታደር ነው። ሃምሳ አለቃ የሙያ ወንድም በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው፣ የጠላ ጣሳቸውን መሬት አስቀምጠው ጠየቁት።

«ማዕረግህ ምንድን ነው ልጄ?»

«ኢ-5 ነኝ፣ አባባ።»

«ምን?»

«ኢ-5።»

መዳፋቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አቆሙ። «እሱ የስንት ሰው አለቃ ነው?»

«የሰው አይደለም አባባ፤ የደሞዝ ደረጃ ነው።»

«አሃ፣ የደሞዝ አለቃ! እኛ ያዘዝነው ሰው ብቻ ነበር፤ ደሞዝ እንኳ አልታዘዘልንም።»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ልጁ ያመጣው ሥልጣኔ እንዲህ በጠላ ሲታጠብ ማየት አንጀቴን በላው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። ሰውን በሚያገኘው ገንዘብ ቁጥር መጥራትን የመሰለ ቁም ነገር እስከ ዛሬ ሳናስብበት መኖራችን እንዴት ያለ ኋላ ቀርነት ነው?

ጥፋቱ የቆየ ነው፤ መነሻውም ሩቅ አይደለም። የአሥር አለቃ፣ የሃምሳ አለቃ፣ የመቶ አለቃና የሺ አለቃ የሚባሉትን ስሞች ለሠራዊታቸው የደለደሉት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። የሚገርመው ደግሞ ወታደሩ ገበሬ እየገፈፈ ማደሩን ትቶ በደሞዝ እንዲኖር የሞከሩትም እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ደሞዙ በአንድ እጃቸው፣ ማዕረጉ በሌላ እጃቸው ነበር። ሁለቱን አገናኝተው «ና አንተ ባለ ስምንት ብር!» ማለት ተስኗቸው፣ ወታደሩን በተሸከመው ሰው ብዛት ጠሩት። ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን ገደል እየናዱ፣ መንገድ እየጠረጉ በዋድላና በደላንታ በኩል ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ይቺው ሜዳችን ላይ አሥር አለቃው አሥሩን፣ ሃምሳ አለቃው ሃምሳውን እየጠራ ነበር። ቁጥሩ ያው ቁጥር ነው፤ የሚቆጥረው ግን ሰው ነው። ብር ቢቆጥር ኖሮ መድፉ ራሱ አፍሮ ይሄድላቸው ነበር።

የቴዎድሮስን የጦር አዛዥ ፊታውራሪ ገብርዬንስ ያስጨረሳቸው ምን ሆነና? ሹመታቸው ነው። ፊታውራሪ ማለት ፊት የሚመራ ነው፤ እሳቸውም እንግሊዞች በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በሽሎን ሲሻገሩ ስሙ እንዳዘዛቸው ፊት ፊት ሄደው እሮጌ ላይ ወደቁ። ደረጃ 16 ተብለው ቢሆን ኖሮ ከፊት ይሁኑ ከኋላ ማን ያውቅባቸው ነበር? ግራዝማች የግራውን፣ ቀኛዝማች የቀኙን፣ ደጃዝማች የደጁን ጦር የሚመራ ነው እያልን ስንት ሰው በስሙ ምክንያት ሥራ በዛበት! ላስታና ዋግን ይዘው የነበሩት ዋግሹም ጎበዜማ፣ ቴዎድሮስ ካለፉ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ሲነግሡ ስንት እርከን እንደዘለሉ፣ የትኛው የሰው ሀብት ቢሮ እንዳጸደቀላቸው የሚያሳይ አንድ ደብዳቤ የለም።

ከዚያ ወዲህም ዕድሉ ነበረን። ደርግን የጣለው ሠራዊት አዲስ አበባ ሲገባ ማዕረግ የሚባል ነገር አልነበረውም። ያን ሁሉ ባዶ ትከሻ አስቡት! ቁጥር ለመለጠፍ ከዚህ የተሻለ ሰሌዳ ከየት ይመጣል? ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን ያው አሥር አለቃው፣ ያው ሻለቃው ተመልሶ መጣ።

ሲቪሉ በዚህ ረገድ ሠራዊቱን ጥሎት ሄዷል፤ አላህም እግዜርም ይስጠው። የመንግሥት ሥራ ተመዝኖ በ22 ደረጃ ከተደለደለ ወዲህ ቢሮዎቻችን ስም የሚባል ሸክም ጥለዋል። «የሚፈርምልኝ ማነው?» ብለህ ትጠይቃለህ፤ «ደረጃ 13ቷ ስብሰባ ገብታለች፣ 11ዱን አናግር» ይሉሃል። አሥራ አንዱ ደግሞ ሻይ ላይ ነው። በር ላይ የተለጠፈውን የሥራ ማስታወቂያ እስኪመጡ ታነባለህ፦ የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ደረጃ፣ የመደብ መታወቂያ ቁጥር፣ ደሞዝ፣ ብዛት። ሰው በአምስት ረድፍ አልቆ! በዚህ በረከት ውስጥ እየኖርን፣ ጡረታ የወጣ ወታደር ስናይ ከመቀመጫችን ብድግ ብለን «ሻምበል፣ ኖር!» ማለታችን ምን ይሉታል?

ደግሞ የወገል ጤና ሰው ለደረጃ እንግዳ አይደለም። ኦፓል በ2000 ዓ.ም. ከዚህ ገደል ከተገኘ ወዲህ ሕፃኑ ሳይቀር ድንጋዩን ለፀሐይ እያዞረ ይህ አንደኛ፣ ያ ሦስተኛ ነው ይልሃል። የኛ ኦፓል ውኃ ይጠጣል፤ ከነከሩት ሚዛኑ ይጨምርና ቀለሙ ይጠፋል፤ እስኪደርቅ መስተዋት ይመስላል። በዳሱ ጥግ የተቀመጠ አንድ ደላላ ይህን ሲያስረዳኝ በደስታ ዘለልሁ። ለሰውም ቢሆን የምንፈልገው ይህንኑ አይደል? ሚዛኑን ይጨምር እንጂ ቀለሙ ለምን ይረብሸናል?

አሜሪካኖቹ እንኳ የጥበቡ ባለቤት ሆነው ሳለ ገና አልጨረሱትም። ልጁ በትዕግሥት አስረዳኝ። ኢ-4 የሚባል አለ፤ ውስጡ ሁለት ዓይነት ሰው ይኖራል፤ አንዱ ኮርፖራል ነው፣ ወታደር ይመራል፤ ሌላው ስፔሻሊስት ነው፣ የራሱን ሥራ ይሠራል። ደሞዛቸው አንድ ነው። ተኩስ በተከፈተ ጊዜ «ኢ-4!» ብለህ ብትጣራ ሁለቱም ዞር ይላሉ፤ ማን እንደሚያዝ ቀስ ብለው ይነጋገሩበታል። ካፒቴንም እንዲሁ ነው፤ ምድር ጦሩ ውስጥ ኦ-3፣ ማለት የኛ ሻምበል ነው፤ ባሕር ኃይሉ ውስጥ ግን ኦ-6፣ ከኮሎኔል እኩል። ከሁሉ የማረከኝ ግን ይህ ነው፦ እስከ 1949 እ.ኤ.አ. ድረስ የተራ ተዋጊው ደሞዝ ደረጃ ከላይ ወደ ታች ይቆጠር ነበር፤ 1 ቁንጮው፣ 7 የመጨረሻው። በዚያ ዓመት አዲስ የደሞዝ ሕግ ወጣና ቆጠራው ተገለበጠ፤ 7 ቁንጮ ሆነ። በቁጥሩ ሲጠራ የኖረ ሳጅን ማታ አንደኛ ሆኖ ተኝቶ ጧት ሰባተኛ ሆኖ ተነሣ ማለት ነው፤ ያውም ሹመት ይሁን ሽረት ሳይነገረው። ልጁ ራሱ እኮ ሳጅን የሚባል ያማረ ማዕረግ አለው፤ ከኛ ለመሰወር ሲል ነው ኢ-5 ያለው።

እኛ ጋ ሲገባ የሚያስቸግረው ፉከራው ነው። ሌሊቱን ሞከርሁት። «ዘራፍ! የደረጃ ዘጠኝ አሽከር፣ እርከን አራት ገዳይ፣ የቤት ኪራይ አበል ተካፋይ!» ቤቱ ይመታል፤ ቅር ያለኝ «የታክስ ተቀናሽ»ን የማስገባበት ስንኝ በማጣቴ ብቻ ነው። የፈረስ ስሙም ቀላል ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ከተባሉ፣ ያሁኑ ጀግና አባ እርከን ቢባል ምን ይጎድለዋል?

ቤተ ክህነትም ትተባበረን። ዮቶር ለሙሴ የሺ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የአሥር አለቆች ሹም ብሎ መምከሩ የማይካድ ነው፤ ግን ያን ጊዜ የደሞዝ ስኬል አልነበረም፤ ይቅር ይባልለታል። በቅፍርናሆም የነበረው የመቶ አለቃ ጌታ ፊት ቆሞ ራሱን ያስረዳው በሚያዛቸው ወታደሮች ነው፤ ስለ ደሞዙ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ይህን መርጌታን ባወያያቸው፣ መቋሚያቸውን ወዴት እንደሚያነሡት ስላላማረኝ ነገሩን ለሌላ ጊዜ አቆየሁት።

በነጋታው ሥራውን በሃምሳ አለቃ ልጀምር ብዬ ወረቀት አሰምሬ፣ ረድፎቹን ከዚያ ማስታወቂያ ገልብጬ፣ ቡና ከሚጠጡበት ደጃፍ ሄድሁ። በረካው ላይ ነበሩ። «ደህና አደሩ…» ብዬ ቆምሁ፤ ቀጥሎ የምጠራበት ቁጥር የለኝማ። ለዚህም ነው የመጣሁት ብዬ ቁጭ አልሁና ደሞዛቸውን ጠየቅሁ።

«የቱን ደሞዝ?»

«የውትድርናውን።»

«ሠራዊቱ በ83 ሲበተን የተበተነ ደሞዝ አለ፤ ካገኘኸው ንገረኝ።»

ሒሳቡን ሠራሁት። ከ30 ዓመት በላይ ከጦር ሠፈር ሳንቲም አልወጣላቸውም። ደረጃ 0፣ እርከን 0። ይህ ሁሉ የወገል ጤና ሕዝብ 30 ዓመት ሙሉ አንድ ዜሮን «ሃምሳ አለቃ» እያለ ሲጠራ፣ ድንበር ሲጣላ «ሃምሳ አለቃ ይዩልን» እያለ ሲጎትት ኖሯል። በጨዋ ደንብ ስሕተቱን ነገርኋቸው። ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና ረድፎቹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። የመጨረሻው ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ብዛት የሚለው ምንድን ነው?»

«ስንት ሰው እንደሆነ ነው።»

«ሠላሳ አራት ጻፍ።»

«ሃምሳ አለቃ አልነበሩ እንዴ?»

«ሞልተው አያውቁም። ሠላሳ አራት ጻፍ።»

ጻፍሁ። እሳቸውም ሲኒያቸውን አስቀምጠው የሠላሳ አራቱን ስም ከነአባታቸው ይጠሩልኝ ጀመር። የኔ ወረቀት ግን የተሰመረው ለአንድ ሰው ነበር።