ለ«አይቼዋለሁ» ያልተከፈለ ወረታ

ወረታ ከተማን ያህል ጎረቤት ይዘን ወረታ መመለስ አለማወቃችን ይገርመኛል። እኛ የይፋግ ልጆች፣ ፊልም ስናይ ከጎናችን ተቀምጦ መጨረሻውን ቀድሞ ለሚነግረን ሰው፣ ሐውልቱ ይቅርና አንዲት ሻይ እንኳ ጋብዘነው አናውቅም። ስሙን ልተወው፤ እኛ «አያ አይቼዋለሁ» ነበር የምንለው።

ቪዲዮ ቤታችን የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ጥቂት አግዳሚ፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ ነበራት። በገበያ ቀን ሩዙን የሸጠ የፎገራ ገበሬ ሳይቀር ሳንቲሙን ከፍሎ ይገባል። ፊልሙ ሲጋመስ አያ አይቼዋለሁ ከች ይላል። ገና ሳይቀመጥ፣ «ኧረ ይቺን ነው እንዴ? አይቻታለሁ!» ከዚያ በኋላ ምጽዋቱ አያቋርጥም። «ያ ጢማሙ ታማኝ መስሎሃል? እሱ ነው የሚሸጣቸው።» ይሸጣቸዋል። «አሁን ይተኩስና ይስተዋል።» ይስተዋል።

ምስጋና ቢሶች «አቦ ዝም በል!» ይሉት ነበር። ልባቸው ካልተንጠለጠለ ፊልም ያዩ የማይመስላቸው ናቸው። ልብ ተንጠልጥሎ ማን ተጠቀመ? ደግሞስ ነገሩ የአገራችን ወግ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይፋግ የሲራራ ነጋዴ የሚገናኝባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች፤ ከፊት ያለው ገበያ እንዴት እንደዋለ ለመንገደኛ ቀድሞ መንገር እዚህ ነውር ሆኖ አያውቅም። አያ አይቼዋለሁ ይህን ሙያ ወደ ሲኒማ ማዛወሩ ብቻ ነው ጥፋቱ።

ሕገ መንግሥቱ ባለ አንድ አንቀጽ ነበር፦ «አክተር አይሞትም!» በዚህ የሚስቅ ካለ የራምቦን ታሪክ ይስማ። ዴቪድ ሞሬል እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ልቦለድ ራምቦ ይሞታል። በ1982 ለወጣው ፊልምም ሞቱ ተቀርጾ ነበር፤ ለሙከራ ያዩት ሰዎች ግን ስላኮረፉ ተቀየረ። ራምቦም ተርፎ አራት ተጨማሪ ፊልም ሠራ። እንግዲህ ሆሊውድ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የደረሰበትን እውቀት አያ አይቼዋለሁ በነጻ ሲያድለን ኖሯል።

ሊቅነቱ ያላያቸውንም ፊልሞች ያጠቃልላል። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት ሲያገኝ፣ አንድ ልጅ ታሪኩን ሊነግረው ሞከረ። አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ እዚያው በዘረኞች ተደብድቦ እግሩን አጥቶ፣ ወደ መንደሩ ይመለሳል። አያ አይቼዋለሁ አላስጨረሰውም፦ «በአንድ እግሩ ማንን ሊረግጥ ነው?» ፋይሉ ተዘጋ። ቬኒስ ድረስ የሄዱት ዳኞች እንዲህ ያለ አማካሪ አጥተው ነው ፊልሙን እስከ መጨረሻው ለማየት የተገደዱት።

ትልቁ ውለታው ግን መብራት ሲጠፋ ነው። «ተቀመጡ፣ ቀሪውን እኔ እነግራችኋለሁ» ይለናል፤ በጨለማው ውስጥ ትንፋሽ አይሰማም። በ«ታይታኒክ» ጃክ ከዚያ በረዶ ባሕር ዋኝቶ ወጣ፤ ሮዝን አገባና ኒውዮርክ ላይ ሱቅ ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው የሕንድ ፊልም «ሾሌ» ደግሞ አሚታብ ባችቻን ሽፍቶቹን ፈጅቶ፣ ያችን ዝምተኛ መበለት አግብቶ፣ በሬ ጠምዶ ማረስ ጀመረ። ገበሬው ሁሉ አጨበጨበ።

በቅርቡ ከእህቴ ልጅ ጋር «ሾሌ»ን በስልክ ሙሉውን አየሁት። ለካ አሚታብ ይሞታል! ሁልጊዜ የሚጥላት ሳንቲምም ሁለቱ ገጿ አንድ ዓይነት ኖሯል፤ ለጓደኛው ሊሞትለት አስቀድሞ ወስኖ ነበር ማለት ነው። ተናደድኩ፤ ዳይሬክተሩ በሬውንና ሠርጉን አበላሽቶብኛል። የምናየው ቅጂ የተሳሳተ መሆን አለበት ብዬ ከመጀመሪያው ከፈትኩት።

አሚታብ ገና ብቅ ሲል ወደ ልጁ ጠጋ አልኩና፣ «ይሄ ይሞታል» አልኩት።

«አጎቴ፣ አሁን አብረን አየነው እኮ!» አለኝ።

ምስጋና ቢስ።