የጅብ ግልገሎች

ዓርብ ጠዋት ሽርጤን እንዳገለደምኩ ሁለተኛ ሻይ ልቀዳ ስል በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ዘጠኝ ልጆች ፀጉራቸው በውኃ ተለብዶ፣ ካልሲያቸው እስከ ጉልበት ተስቦ፣ በቁመታቸው ተሰልፈው ቆመዋል። የሁሉም ዓይን ሽርጤ ላይ ነው።

«ሙሴ፣ አሥር ሰዓት ሆኗል» አለኝ ትልቁ።

ጥፋቱ የኔው ነው። የሠፈሩን ልጆች ሰብስቤ ስካውት ላስጀምር ብዬ በበተንኩት ወረቀት ላይ «ዓርብ በ10 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ያልኩት ፀሐይ በረድ የምትልበትን የከሰዓቱን 10 ነው። የጅቡቲ ልጅ 10 ሰዓት ሲባል የሚገባው ደግሞ እኔ ጠዋት 4 የምለው ነው። ወረቀቱን በሦስት ቋንቋ አስተርጉሜያለሁ፤ ቁጥር የሚያስተረጉም ግን ማን አለ? የስካውት መሪ ቃል «ዝግጁ ሁን» ነው። እነሱ ዝግጁ ናቸው። ዝግጁ ያልሆንኩት እኔ ነኝ።

ለመክፈቻው ስብሰባ ሁለት ሳምንት ደክሜ አሥራ አራት ተራ ቁጥር ያለው ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ሰላምታ፣ 5 ደቂቃ። የቋጠሮ ትምህርት፣ 20 ደቂቃ። ሳቅ፣ 6 ደቂቃ። አዎ፣ ሳቅ ብዬ ጽፌያለሁ፤ ስብሰባው አዝናኝ መሆን አለበት ብዬ ሰዓት መደብኩለት።

ሱሪ ለብሼ ተመለስኩና ከተራ ቁጥር አንድ ጀመርኩ። ስካውቶች በዓለም ሁሉ የሚጨባበጡት በግራ እጅ ነው። ታሪኩ እንደሚተረከው፣ የአሻንቲ ጦረኛ ጋሻውን የሚይዘው በግራው ስለሆነ፣ ግራውን የዘረጋልህ ሰው ጋሻውን ጥሎልሃል። ልጆቹ በጣም ወደዱት። አንዱማ ከመውደዱ የተነሳ ሮጦ ሄዶ አያቱን በግራው ጨበጠ። ሲመለስ አንድ ጆሮው በርበሬ መስሏል። ግራ እጅ በኢሳውም፣ በአፋሩም፣ በእኛም ዘንድ ለምን እንደሚያገለግል ለስካውት መሥራቹ ለባደን ፓወል የነገረው ሰው ያለ አይመስለኝም። ተራ ቁጥር አንድ ተሰረዘ።

ተራ ቁጥር ሁለት ተኩላ ነበር። ባደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1916 ለታናናሾቹ ልጆች ቅርንጫፍ ሲያቋቁም ከኪፕሊንግ የጫካ ተረት ተውሶ «የተኩላ ግልገሎች» አላቸው፤ ፈረንሳዮቹ «ሉቭቶ» ይሏቸዋል። መሪያቸው አኬላ ይባላል። ስብሰባ ሲከፈት ልጆቹ ክብ ሠርተው፣ ቁጢጥ ብለው፣ በአኬላ ፊት እንደ ተኩላ ይጮኻሉ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ ይባል የለ? እኔም በሰው አገር «አኬላ በሉኝ» ማለቴ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

«ተኩላ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«እንደ ውሻ ያለ፣ ግን የዱር።»

«ቀበሮ?»

«ከቀበሮ ይተልቃል።»

ከኋላ ሆና «ዋራቤ!» ብላ የጮኸችው ከወንድሟ ጋር ሳትጠራ የመጣች ልጅ ናት። (ወረቀቴ «ወንዶች ልጆች» ነበር የሚለው። እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ክሪስታል ፓላስ ላይም ሴቶች ልጆች ሳይጠሩ ከስካውቶቹ ሰልፍ ተገኝተው ባደን ፓወልን አፋጠውታል። እሱም በዓመቱ ለሴቶች ማኅበር አቋቋመ። እኔ አንድ ዓመት ጊዜ አልነበረኝምና ወዲያው ተቀበልኳት።) ዋራቤ በሶማልኛ ጅብ ነው። የምንኖርበት የጅቡቲ ሠፈር ደግሞ ዋራበሌ ይባላል። አይቶት የማያውቀውን የተኩላ ጩኸት ልጅ ከየት ያመጣዋል? ጅብን ግን ማን ያስተምረዋል! እንዲህ ሆኖ የዋራበሌ የጅብ ግልገሎች ተመሠረቱ፤ ሦስት ጊዜ ጮኸው መረቁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ፕሮግራም በየአጥሩ ሥር ተበተነ። ግማሹ ድብብቆሽ፣ ግማሹ ብይ። እኔ ቋጠሮ ይዤ ቀረሁ። ወደ 7 ሰዓት ግድም ልሰብስባቸው አልኩ። ባደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 ብራውንሲ ደሴት ላይ የመጀመሪያውን ካምፕ ሲያካሂድ ልጆቹን የሚጠራው ከማታቤሌ ዘመቻ ባመጣው የአጋዘን ቀንድ ነበር። እኔ ቀንድ ከየት አባቴ ላምጣ፤ ከጎረቤት ሾፌር የተዋስኳትን ጥሩምባ ነፋሁ። አንድም ልጅ አልመጣም። የመጡት አባቶቻቸው ናቸው፤ ከየበሩ ብቅ ብቅ እያሉ፣ ገንዘባቸውን ጨብጠው። በዚያ ሰዓት በጅቡቲ ጥሩምባ ሲሰማ ትርጉሙ አንድ ነው፤ የዕለቱ ጫት ከኢትዮጵያ ገባ ማለት ነው። የያዝኩት የገመድ ጥቅል ብቻ መሆኑን ሲያዩ የተናገሩትን አላስተረጎምኩትም።

በኔው 10 ሰዓት የሐበሾቹ ልጆች መጡ፤ እነሱስ ሰዓት አክባሪ ናቸው። የጠዋቶቹም አልሄዱም፤ ምሳዬንም በልተውልኛል። ሃያ ሦስት ሆኑ።

እጅግ የተመካሁበት የምሽቱ እሳት ነበር። ስካውት ያለ እሳት ምን ስካውት ነው? ግን ወሩ ጥቅምት ነው። አገር ቤት «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል፤ እዚህ በጥቅምት አንድ ፌስታል በረዶ ነው። እሳት ላንድድ ስል የሠፈሩ እናቶች ወባ የያዘው ሰው እንደሚታይ አዩኝ። ስለዚህ ቬንቲሌተሩን አውጥቼ ግቢው መሀል አቆምኩት፤ ልጆቹም እንደ እሳት ከበቡት። ፊታቸውን አስጠግተው ሲያወሩ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ ይወጣል። ያ ብቻውን ከስድስት ደቂቃው ሳቅ የሚተርፍ ሳቅ አስገኘ። እኔም አጋጣሚውን ተጠቅሜ በጠመኔ የመንገድ ምልክቶችን አሳየኋቸው፤ ቀስቱ «በዚህ ሂድ»፣ መሀሉ ላይ ነጥብ ያለበት ክብ ደግሞ «ወደ ቤቴ ሄጃለሁ» ማለት ነው። ኬንያ፣ ኒየሪ በሚገኘው የባደን ፓወል መቃብር ላይም ያለው ይኸው ክብ ነው።

12 ሰዓት አልፎ ጨለም ሲል መብራት ጠፋ። ቬንቲሌተሩ እያቃሰተ ቆመ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጅቡቲ ከእኛ አገር መብራት ስለምትገዛ፣ እዚህ በጠፋ ቁጥር ለኢትዮጵያዊ ሁሉ ተጠያቂነት ይደርሰዋል። ሃያ ሦስቱም በጨለማ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋሼ፣ እናንተ ናችሁ ያጠፋችሁት?»

መልስ ሳላገኝ ያቺ ሳትጠራ የመጣችው ልጅ ቁጢጥ አለች። ሁሉም ተከተሏት። በዚያ ድቅድቅ ጨለማ ሃያ ሦስት ጅብ በአንድ አፍ ጮኸ። የሠፈሩ ውሻ ሁሉ አበደ፤ ፍየሎች በረት ሰበሩ፤ አንድ ሽማግሌ የእጅ ባትሪና ዱላ ይዘው ደረሱ። ወላጆችም ከምርቃናቸው ነቅተው እየሮጡ መጥተው የየልጃቸውን እጅ ይዘው ሄዱ።

መብራት ሲመጣ ግቢው ባዶ ነው። በሬ ላይ በጠመኔ ክብ ተሥሏል፤ መሀሉ ላይ ነጥብ አለ። ከሥሩ በሕፃን እጅ «ዓርብ በ10 ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል።

የትኛው 10 እንደሆነ የሚናገር ነገር የለም። ሐሙስ ማታ ካልሲዬን እስከ ጉልበቴ ስቤ ተኛሁ።