የሚበላ ሳህን

የንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰው ክፍልፋይ አያውቅም የሚል ካለ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ ጆሮውን ከፍቶ ይሂድ። ሉካንዳ ቤት «ግማሽ ቁርጥ፣ ሩብ ጥብስ» ሲባል ይሰማል። ጭማቂ ቤት አቮካዶና ማንጎ በአንድ ብርጭቆ ተደራርበው ስፕሪስ ይሆናሉ፤ ሻይና ቡናም እንዲሁ። ቀጠሮ የሚሰጠው ለሁለት ሩብ ጉዳይ ነው፤ የሚደረሰው ሁለት ከሩብ ላይ ነው። በመሀል የጠፋው ግማሽ ሰዓት መሆኑን ለማስላት ቆሞ የሚጠብቅ ሰው እርሳስ አያስፈልገውም። አያቶቻችንማ ከዚህም የባሱ ሂሳብ አዋቂዎች ነበሩ። እስከ የካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ከምርቱ እኩል፣ ሲሶ ወይም እርቦ ለባለመሬት ይሰፍር የነበረ ጭሰኛ፣ ሲሶ ከእርቦ እንደሚበልጥ በጥቁር ሰሌዳ አልተማረም። ልጆቹ ክረምቱን ምን እንደሚበሉ ሲያስብ ይገባው ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሕዝብ ድስት አጠገብ ሲደርስ ሂሳቡን የት ይጥለዋል? ጨው «እንደ መጠኑ» ነው፤ ዘይት «ጠብ አድርጊበት» ይባልና ጠብታው ጭልፋ ያክላል፤ ስኳር ደግሞ ጠጪው «በቃ» እስኪል ነው፣ ጠጪው ግን ወሬ ላይ ነው። ብዙዎች ችግሩን ከዕውቀት ማነስ ይቆጥሩታል። እኔ አልስማማም። ግማሽ ግማሽ የሚሆነው ሙሉው ሲታወቅ ነው፤ በእኛ ማዕድ ላይ የማይታወቀው ሙሉው ነው። የጎደለን ማካፈል ሳይሆን የሚካፈለውን መያዝ ነው።

የሥነ ምግብ ባለሙያዎች የሚወዱት አንድ ሥዕል አለ። የሃርቫርድ የሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ሳህን ነው፤ ግማሹ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ሩቡ ያልተፈተገ እህል፣ ሩቡ ፕሮቲን። ሥዕሉ ያምራል። ችግሩ የሣለው ሰው ሳህን አይበላም ብሎ ማሰቡ ነው። እስቲ በያይነቱን ከላይ ተመልከቱት። ጎመኑ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩና ፎሶልያው ግማሹን ቦታ ይዘዋል፤ ምስር ወጡና ሽሮው ሩባቸውን አላጡም፤ ሃርቫርድ ቢያየው ያጨበጭባል። ነገር ግን ከሁሉም ሥር አንድ ሙሉ እንጀራ ተነጥፏል፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ ሌላው ተጠቅልሎ ተራውን ይጠብቃል። ሩብ መሆን የነበረበት እህል ወለልም ግድግዳም ሆኖ አረፈው። ጎመኑ የያዘው የገጹን ግማሽ እንጂ የምግቡን ግማሽ አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን ሆድ ነው የሚያውቀው። በዚያ ላይ ትሪውን አራት ሰው ከቦታል። አንዱ በፍጥነት ይበላል፣ ሌላው በወሬ። ማን ከጎመኑ ስንት እጅ እንደወሰደ ቢጠየቅ የሚመሰክር የለም። ጉርሻም አለ፤ ከአንዱ ድርሻ ወደ ሌላው ያለ ደረሰኝ የሚተላለፍ፣ አንድ ያጣላል ስለሚባልም ከሁለት የማያንስ። በእንዲህ ዓይነት ገበታ ላይ «የሳህንህን ግማሽ» ተብሎ ቢመከር፣ ሳህኑም የእኔ ስላልሆነ፣ ግማሹም ስለማይለይ፣ ምክሩ እየታኘከ ያልቃል።

ሙሉው የሚታወቅበት አንድ ቦታ አለ፤ ሱቅ። ጨው በኪሎ ታሽጎ፣ ዘይት በአምስት ሊትር ጀሪካን ተሞልቶ ነው ቤት የሚገባው፤ ክብደቱም ሊትሩም ላዩ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ክፍፍሉን ከገበታ አንስተን ወደ ጓዳ መደርደሪያ ብንወስደው ነገሩ ይቀላል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይብቃው ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ በደንብ አይሞላም። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 25 ግራም ማለት ነው፤ አንድ ኪሎው በትንሹ አርባ ቀን መቆየት አለበት። ልጆች ካሉ ከዚያም በላይ። ፌስታሉ በተከፈተ ዕለት ቀኑን በእስክሪብቶ ላዩ ላይ መጻፍ ብቻ ነው። በሃያኛው ቀን ታጥቦ ከተሰቀለ፣ ቤተሰቡ የተፈቀደለትን እጥፍ በልቷል፤ ለዚህ ሚዛንም ባለሙያም አያስፈልግም። የዘይቱም እንዲሁ ነው። አምስት ሊትር ለአምስት ሰው ለሠላሳ ቀን ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 33 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከጥቂት። ይህ ወደ 270 ካሎሪ ነው፤ በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው አንድ ሰባተኛ ገደማ፣ ይቻላል። ጀሪካኑ በአሥራ አምስት ቀን ካለቀ ግን ሩቡን አልፎ ወደ ሲሶው ይጠጋል፤ ቅቤው፣ ሥጋውና ወተቱ ገና ሳይቆጠሩ። ስለ ስኳር ብዙ አልልም፤ በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ተብሏል፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ነው፣ ሦስት ማንኪያ በሚገባበት ብርጭቆ ሁለት ሻይ ጠጥቶ መነሣት ነው።

እዚህ ላይ ከጓዳ ድምፅ ይሰማል፤ «ልጄ፣ እጄ ሚዛን ነው» የሚል። በዚህ ሙያ ላይ መከራከር ድፍረት ስለሆነ በአክብሮት እመልሳለሁ። እጅ ጣዕምን ይመዝናል፣ ግራምን አይመዝንም። ጣዕም ደግሞ የለመደውን ነው የሚጠይቀው፤ ጨው የለመደ ምላስ ልኩን ሲያገኝ አልጫ ነው ይላል። ከዚያም በላይ እጅ የማያየው ነገር አለ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ የሽሮው ዱቄትም በብዙ ቤት እንዲሁ። ድስቱ ላይ የሚጨመረው እንግዲህ ሦስተኛው ጨው ነው፤ እጅ ግን የመጀመሪያው መስሎት ይጨምራል። የፌስታሉ ቀን መቁጠሪያ በርበሬው ላይ የገባውንም፣ ዶሮ የታጠበበትንም አንድ ላይ ይይዘዋል። ዶሮው ላይ የፈሰሰው አልተበላም ቢባል እውነት ነው፤ ግን ዶሮ በየቀኑ አይታጠብም፣ ዋጋውን የሚያውቅ ያውቃል።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ይጾማል፣ የዓመቱ ግማሽ፤ ሌላ ምን ክፍልፋይ ፈለግህ? ጾሙ ለነፍስ መሆኑን ለካህናት ትቼ፣ ለሥጋ ያለውን ብቻ ልይ። ግማሹን ዓመት ቅቤ የለም፣ ትክክል ነው። ግን የቅቤውን ወንበር ዘይት እንደሚይዘው ጀሪካኑ ይመሰክራል፤ በጾም ወር ቶሎ የሚያልቅ እሱ ነው። ሌላኛው ግማሽ ደግሞ ብድር መላሽ ነው፣ በፋሲካ ማግስት የሚበላው የሃምሳ አምስት ቀን ውዝፍ ነው። ግማሽ ዓመት ከግማሽ ዓመት ቢቀነስ ስንት እንደሚቀር አንደኛ ክፍልም ያውቀዋል።

አትክልቱን በተመለከተ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰው ሰበብ የለውም ይባላል። በ2012 ዓ.ም ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ የሄደው አትክልት ተራ በ2013 እዚሁ ኃይሌ ጋርመንት መጥቷል። ቅርብ መሆኑ እውነት ነው፤ ርካሽ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ኪሱ የቀለለ ሰው ከጉሊት ቲማቲም በመደብ ይገዛል፣ መደቡም እንደ ሻጯና እንደ ሰዓቱ ይወፍራል ይከሳል። አመሻሽ ላይ ሄዶ «መርቂኝ» የሚል ሰው ከማንኛውም የሥነ ምግብ ሰንጠረዥ የተሻለ ጎመን ይዞ ይመለሳል።

የፌስታሉን ዘዴ በእውነት የሚያናጋው እንግዳ ነው። ለአምስት የተሠራ ወጥ ለሰባት ሲቀርብ የእያንዳንዱ ድርሻ ከአንድ አምስተኛ ወደ አንድ ሰባተኛ ይወርዳል፤ በዚህ ስሌት እንግዳ ከሐኪም ይሻላል። ግን የቤቱ እመቤት ድርሻ እንዲወርድ አትፈቅድም። ድስቱን መልሳ ትጥዳለች፤ ውሃ ታክላለች፤ ወጡ ቀጠነ ብላ ሽሮ ትነሰንሳለች፤ ሽሮው ጣዕም አጣ ብላ ጨው፣ ደረቀ ብላ ዘይት። አርባ ቀን የተመደበለት ጨው በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ያልቃል። ጨው ይዛችሁ ኑ ማለት ነውር ስለሆነ፣ ያለው መፍትሔ በሚቀጥለው እሑድ ቤተሰቡን ሰብስቦ እንግዶቹ ቤት ሄዶ መብላት ነው።