ካርታህ የአንድ ቤት ነው!

«የታሮት ካርታ ፊደል አለው፤ ዘርግቼ የወደፊት ባልሽን ስም አወጣልሻለሁ» አልካት ልጅቷን? ስም የምታወጣ እናት ናት። ስም የሚያወጣ አባት ነው፣ ቄስ ነው። አንተ የምታወጣው ካርታ፣ የምታስወጣው ብር!

ደግሞ «የጥንት ግብፅ ጥበብ ነው» ይላል! የቱ ግብፅ? ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ኢጣሊያ ውስጥ የተወለደ መጫወቻ ነው፤ መኳንንት ሲያመሹበት የኖሩት። ግብፃዊ ያደረገው ኩር ደ ዠብለን የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1781። ሻምፖሊዮን የግብፅን ጽሕፈት የፈታው መቼ ነው? በ1822! ሰውዬው አንዲት መስመር ማንበብ ሳይችል ለካርታ የልደት ወረቀት ጻፈለት። አንተ ፊደል ቆጥሬ ስም አወጣለሁ ትላለህ፤ መምህርህ ራሱ የግብፅን ፊደል አልቆጠረም!

እሺ፣ ፊደሉን እንየው። 22 የዕብራይስጥ ፊደላት፣ ከ78ቱ 22 ባለ ሥዕል ካርታዎች፤ ለአንድ ካርታ አንድ ፊደል። ዳዊት የደገመ ያውቃቸዋል፦ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ። አሌፍ የትኛው ካርታ ነው? በ1850ዎቹ ፓሪስ ላይ ኤሊፋስ ሌቪ የሚባል ሰው «አስማተኛው» የሚባለውን ካርታ አሌፍ አለው፤ «ሞኙ» የሚባለውን ወደ መጨረሻው ገፋው። በ1888 ለንደን ላይ የተመሠረተው የወርቃማው ንጋት ማኅበር ደግሞ ሞኙን ከፊት አምጥቶ አሌፍ አደረገው፤ አስማተኛው ተገፍቶ ቤት ሆነ። እናንተ ሰዎች ፍረዱ! ፓሪስ ላይ አሌፍ የነበረ ሰውዬ ለንደን ሲገባ ቤት አገኘ! ሞኝ ከፊት ሲቀመጥ ሰልፉ ሁሉ ተዛነፈ። እንግዲህ ልጅቷ ማንን ትጠብቅ? አበራን ወይስ በቀለን?

«ለአንዷ ግን ዳዊት ብሎ ወጥቶላታል» እንዳትለኝ። ዳዊት በዕብራይስጥ ዳሌጥ፣ ዋው፣ ዳሌጥ ነው። 78ቱንም ካርታ በውዘህ ዘርጋው፣ ዳሌጥ አንዲት ናት! ሁለተኛዋን ልትወልዳት ነው? ባንተ ቤት ዳዊት የሚባል ወንድ በዓለም የለም። አበበም ገና አልተወለደም፤ እሱ ሁለት ቤት ይፈልጋል፣ ያንተ ካርታ ግን የአንድ ቤት ነው!

«መልሼ እበውዛለሁ»? በውዝ! ሦስቱም የዳዊት ፊደላት በተራቸው ወጡልህ እንበል። ዕብራይስጥ እንደኛ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ የለውም፤ አናባቢውን የሚጨምረው አንባቢው ነው። እዚህ ማን ጨመረው? እሷ! ስሙን በልቧ ይዛ የመጣችው እሷ፣ ከካርታህ ያነበበችው እሷ፣ የከፈለችውም እሷ! አንተ የሠራኸው መበወዝ ብቻ።

ለነገሩ እነዚያው ሦስት ፊደላት በዕብራይስጥ «ዶድ» ተብለውም ይነበባሉ። ዶድ ማለት አጎት ነው። የሰው ልጅ ባል ፍለጋ ብትመጣ አጎቷን ልትድርላት!