ባለሙያ ማለፍ ክልክል ነው

ለኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሲቪል ድራፍትማኖችን የውጭ አገር ሥራ ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋናችን ይድረሳችሁ። አንዲት የወሎ ልጅ በኮንትራት ወደ አረብ አገር ለመሄድ ስትነሳ መንግሥት አብሯት ይነሳል። አዋጅ ቁጥር 923/2008 አለላት። የቪዛውን፣ የትኬቱን፣ የመኖሪያና የሥራ ፈቃዱን፣ የመድኑንም ወጪ አሠሪዋ እንዲሸፍን አዋጁ ያዛል፤ ከእሷ የሚጠበቀው ፓስፖርቷን፣ የጤና ምርመራዋንና የብቃት ማረጋገጫዋን ይዞ መቅረብ ነው። ከሳዑዲ ዓረቢያ፣ ከዮርዳኖስና ከኳታር ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት ተፈርሞላታል። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ይጠብቃታል። ማጠብ፣ መተኮስና ማጽዳት መቻሏን የሚመሰክር ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይሰጣታል፤ ይህን ወረቀት ደግሞ ሪያድ ያለው አሠሪ አንብቦ ይቀበለዋል። አፈጻጸሙ ላይ የሚነሳ ብዙ ቅሬታ ቢኖርም ዛሬ እሱን አናነሳም፤ ለምስጋና በተጻፈ ደብዳቤ ውስጥ ቅሬታ መክተት ነውር ነው። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንዲህ ያለ ብርታት ያለው መሥሪያ ቤት ሙያ የያዘ ሰው ሲመጣበት ለምን አቅም ያንሰዋል?

ደሴ ላይ ወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክ፣ ኮምቦልቻ ላይ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባሉበት አካባቢ የግንባታ ሙያ የተማረ ወጣት ብርቅ አይደለም። ከእነዚህ ሙያዎች አንዱ ድራፍቲንግ ነው። ድራፍትማን ቀያሹ ከሜዳ ይዞት የመጣውን ቁጥር ወደ ፕላን፣ ወደ ሴክሽንና ወደ መንገድ ፕሮፋይል ይለውጣል፤ መሐንዲሱ ያሰላውን የመሠረትና የምሰሶ ፌሮ ሠራተኛው ሊያነበው በሚችል መልክ ያሰፍራል። ፕላኑ ላይ የሚያርፈው ማኅተም ግን የመሐንዲሱ ነው፤ ስለዚህ የድራፍትማኑ ስም በአገሩ እምብዛም አይነሳም። ስሙን በወግ የመዘገቡት ሩቅ ያሉ ሰዎች ናቸው። አውስትራሊያ በሙያዎች ምደባዋ ውስጥ የሲቪል ምህንድስና ድራፍትማንን ለብቻው 312211 የሚል ቁጥር ሰጥታዋለች። ካናዳም ድራፍቲንግን በ22212 መዝግባዋለች። በእናንተ በኩል ደግሞ ኤጀንሲ ሠራተኛ መልምሎ መላክ የሚችለው የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለበት አገር ብቻ ሲሆን፣ ስምምነቶቹ በአብዛኛው ያተኮሩት በቤት ሠራተኛ ላይ ነው። ለባለሙያው አዋጁ ያስቀረለት ቀዳዳ ሥራውን በራሱ ጥረት ፈልጎ ካገኘ ሚኒስቴሩ ሊፈቅድለት ይችላል የሚለው ነው። ባጭሩ፣ ለቤት ሠራተኛዋ መንግሥት አለላት፤ ለድራፍትማኑ «በርታ» የሚል ምርቃት አለለት።

ብዙ ሰው የዚህን ነገር ቋጠሮ ኤምባሲ በር ላይ ይፈልገዋል። ቋጠሮው ያለው ከዚያ እጅግ ቀድሞ፣ የምስክር ወረቀቱ በሚታተምበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የካናዳ፣ የአየርላንድ፣ የደቡብ አፍሪካና የብሪታንያ የምህንድስና ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2002 የደብሊን ስምምነት የተባለውን ሰነድ ፈረሙ። ሰነዱ አንዱ አባል አገር ለምህንድስና ቴክኒሻን የሚሰጠውን ሥልጠና ሌላው እንደ ራሱ እንዲያየው የሚያደርግ ነው። ኋላ አውስትራሊያን ጨምሮ ሌሎችም ገቡበት፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። አፍሪካዊ አገር ይህን አይችልም እንዳይባል ደቡብ አፍሪካ ከመሥራቾቹ አንዷ ናት። ውጤቱ በተግባር እንዲህ ነው፦ ወደ አውስትራሊያ በሙያው፣ በነጥብ በሚሰጥ ቪዛ መግባት የሚፈልግ ሰው ዕድሜው ከ45 በታች ሆኖ ቢያንስ 65 ነጥብ ማሟላት አለበት፤ ከነጥቡ በፊት ግን እንደ አገሪቱ መሐንዲሶች ማኅበር ያለ ገምጋሚ ሙያውን ሊያጸድቅለት ይገባል። ለማኅበሩ የአባል አገር ተመራቂ ዕውቅና ያገኘ ዲፕሎማውን ያስገባል። የእኛው ልጅ ደግሞ በእንግሊዝኛ ሦስት የሥራ ታሪኮችን መጻፍ ይጠበቅበታል፤ ያውም እያንዳንዱን ሥራ «እኔ ነኝ የሠራሁት» እያለ፣ በነጠላ አንደኛ መደብ። ስለ ራሱ «እኛ» እያለ እንዲናገር ሆኖ ያደገ ሰው በድንገት እንደ ፎካሪ ልሁን ሲል ምን እንደሚከብደው መገመት አያቅትም። ይህ ሁሉ ፉከራ የሚጠየቀው አገሩ አንድ ማመልከቻ ስላላስገባች ነው።

«አውስትራሊያ ሩቅ ናት፤ በሩም በየጊዜው እየጠበበ ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ብሪታንያም በበኩሏ ለባለሙያ ቪዛ የምትጠይቀውን የዓመት ደመወዝ መነሻ በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ወደ 38,700 ፓውንድ፣ በሐምሌ 2025 ደግሞ ወደ 41,700 ፓውንድ ከፍ አድርጋለች። ግን በሩ ሲጠብ ቀድሞ የሚያልፈው ወረቀቱ ጥያቄ የማይነሳበት ሰው ነው፤ ስለዚህ መጥበቡ ለመቀመጥ ሰበብ ሊሆን አይችልም። ደግሞስ አውስትራሊያን ለምን እናነሳለን? ሪያድና ዱባይ ቅርብ ናቸው። የወሎ ልጆች ፎቅ በሚያጸዱባቸው በእነዚያው ከተሞች የሕንድና የፊሊፒንስ ድራፍትማኖች የፎቁን ፕላን ሲሥሉ ኖረዋል። ከተማው ያው ነው፣ ገንዘቡም ያው ነው። ልዩነቱ የእነሱ መንግሥታት ባለሙያንም ለገበያ ማቅረባቸው ነው። እናንተ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጣችሁ ፈርማችኋል፤ በጠረጴዛው ላይ የነበረው ዝርዝር ግን አጭር ነበር።

በተቃራኒው አቅጣጫ፣ የውጭ ባለሙያ ወደ እኛ የሚመጣበት መንገድ ሰፊ መሆኑን ለማየት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ይበቃል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰውን ወደ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መስመር ከ2007 ጀምሮ የዘረጋው የቱርኩ ያፒ መርከዚ ነው። በሐምሌ 2009 የተመረቀውን የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የገነባውም የቻይና ተቋራጭ ነው። የእነዚህ ኩባንያዎች ባለሙያዎች በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለ3 ዓመት የሚጸና፣ በየዓመቱ የሚታደስ የሥራ ፈቃድ የማግኘት መንገድ አላቸው። ፈቃዱን የመስጠት ሥልጣን በአዋጁ የተሰጠው ለእናንተ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ የባለሙያ ፍልሰት ምን እንደሆነ፣ በምን ወረቀት እንደሚሠራ አታውቁም ለማለት አንደፍርም። ሲመጣ ታውቁታላችሁ። ሲሄድ ነው የሚጠፋባችሁ።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ። አገር ያስተማረችውን ልጅ ለምን ትሸኛለች? በተለይ በ2014 ጥቅምት ላይ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ከተያዙ በኋላ ዩኒቨርሲቲው፣ የደሴ ሆስፒታልና የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተዘርፈው ወድመው፣ እንደገና የሚሠራው ነገር ስንት ነው? ይህን የሚል ሰው ሊደመጥ ይገባዋል፤ በግማሽ እኛም እንስማማለን። ግን ፕላን የሚሣለው ግንባታ ሲኖር፣ ግንባታ የሚኖረውም ገንዘብ ሲኖር ነው። ሥራ ያገኘ ድራፍትማን የደሴውን የቶሳ ተራራ ትቶ ሲድኒ የሚሮጥበት ምክንያት አይኖረውም። ሥራ ያጣውን ደግሞ መንገድ በመዝጋት አገሩ ላይ ማቆየት አይቻልም፤ ከሙያው ነጥሎ መላክ ብቻ ነው የሚቻለው። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መንገድ የትምህርት ማስረጃ አይጠይቅም። በዚያ አቅጣጫ ባሕር ተሻግረው የመን የደረሱ ኢትዮጵያውያን ምን እንዳጋጠማቸው ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ተጽፏል፤ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩትን መግደላቸውን። ድንበሩ ላይ ፕላን አንባቢና በግ ጠባቂ አይለይም። የአዕምሮ ፍልሰትን የሚፈራ ሰው መፍራት ያለበት ይህን ነው፤ አዕምሮውም፣ ሙያውም፣ ሰውየውም በአንድ ላይ የሚጠፉበትን።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ከራሳችን ወገን የሚሰማ። «ልጆቹ የፕላን መሣያውን ሶፍትዌር፣ አውቶካድን፣ የሚያውቁት ክራክ በተደረገ ቅጂ ነው፤ እንግሊዝኛቸው ደካማ ነው፤ ደረጃ 4 የሚለው ወረቀት ሁልጊዜ ደረጃ 4ን አያሳይም።» ትክክል ነው፤ አንከራከርም። ለደብሊን ስምምነት ማመልከት የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። አባልነት የሚሰጠው በልመና አይደለም፤ የውጭ ገምጋሚ መጥቶ ሥልጠናው የሚመዘንበትንና ዕውቅና የሚያገኝበትን ሥርዓት ያያል። ብንወድቅ የት እንደወደቅን በጽሑፍ ይነገረናል። አሁን ያለንበት ሁኔታ ከመውደቅም ይከፋል፤ አልተፈተንም፣ ግን ማኅተም እናትማለን።

የተማሪውን ውለታ ማስመለስ የምትሹ ከሆነም ዘዴው ከእናንተው እጅ አይርቅም። ለቤት ሠራተኛዋ የጊዜ ገደብ ያለው ኮንትራት ይፈረምላታል፤ ጊዜዋን ጨርሳ ትመለሳለች። ለድራፍትማኑም እንዲሁ መዋዋል ይቻላል፤ ሄዶ ሠርቶ፣ ሕጋዊውን ሶፍትዌርና የሌላውን አገር የሥራ ደረጃ ተምሮ፣ ገንዘቡን በባንክ ልኮ ይመለስ። ያኔ ኮምቦልቻ ላይ የሚቀጥለው ባቡር ሲዘረጋ የሥራ ፈቃድ የምታትሙለት የውጭ ሰው በአንድ ይቀንሳል።

ስለዚህ የምንለምናችሁ ትንሽ ነው። ለደብሊን ስምምነት የማመልከቻውን ሥራ ጀምሩ፤ ደቡብ አፍሪካን እንዴት እንደገባች ጠይቁ፤ ኤምባሲዋ አዲስ አበባ ነው፣ ቪዛ አያስፈልጋችሁም። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ጋር በሚቀጥለው ጊዜ ለፊርማ ስትቀመጡም፣ በዝርዝሩ ላይ ከቤት ሠራተኛ ቀጥሎ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ድራፍትማን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ከደሴ