ጨዋ ጥፋተኛ

ወንጀል የድህነት ልጅ ነው የሚለው ትምህርት ያልተዋጠለት አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኤድዊን ሰዘርላንድ የአገሩን 70 ታላላቅ ኩባንያዎች መዝገብ አገላበጠ። በሐሰተኛ ማስታወቂያ፣ ንግድን ተመሳጥሮ በማፈን፣ የሰው ፓተንት በመንጠቅና በመሳሰለው 980 ውሳኔ ተሰጥቶባቸው አገኘ፤ ለእያንዳንዱ በአማካይ 14 መሆኑ ነው። የመንደር ጎረምሳ 14 ጊዜ ቢፈረድበት ልማደኛ ሌባ ይባላል፤ ኩባንያ ሲሆን ግን የረጅም ጊዜ ልምድ ያለው ድርጅት ነው።

«በወንጀል ችሎት የተወሰነው እኮ 158ቱ ብቻ ነው» የሚል ጠበቃ አይጠፋም። ቁጥሩ ልክ ነው። ነገር ግን የቀሩትም ቢሆኑ ሕግ የከለከላቸው ድርጊቶች ናቸው፤ ልዩነቱ ባለጉዳዩ ባለ ከረባት ሲሆን መዝገቡ ወደ ለስላሳው በር መላኩ ነው። «ኪስ አውላቂ ያስፈራል፣ ኩባንያ ማንን ያስፈራል?» ለሚለውም መልስ አለ፦ ኪስ አውላቂ አንድ መንገደኛ ያራቁታል፣ መንገደኛውም ይጮኻል፤ በምሥጢር የተሰቀለ ዋጋ ግን ገበያተኛውን ሁሉ ያራቁታል፣ ማንም ግን አይጮኽም፤ መዘረፉን አላወቀማ! ሌባ ለመባል መስረቅ ብቻውን አይበቃም፤ ደረሰኝ አለመስጠትም ያስፈልጋል።

ይህን ጥናት የያዘው የሰዘርላንድ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1949 ሲወጣ አሳታሚው ክስ ፈርቶ የኩባንያዎቹን ስም አሰረዘ። ስማቸው ያለበት ሙሉ እትም የታተመው በ1983 ነው፤ ደራሲው ከሞተ ከ33 ዓመት በኋላ።